የእስስቴ ቤት ውኃ መርጫ መደፈን እና መፍትሔው

የየመን እስስት ከሳህን ውኃ እምብዛም ስለማይጠጣና ቅጠል ላይ ያረፈውን ጠብታ እየላሰ ጥሙን ስለሚቆርጥ፣ የመርጫው መታወክ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በእኔ ቤት ሞተሩ እንደወትሮው እየሠራ፣ አንዱ የመርጫ ጫፍ ጭጋግ መርጨቱን ትቶ ቀጭን ውኃ ወደ ጎን ይወረውር ነበር፤ ሌላው ጨርሶ ተደፍኗል። ጫፉን ፈትቼ ብርሃን ላይ ሳየው፣ በደቃቁ ቀዳዳ ዙሪያ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ የኖራ ቅርፊት ይዟል።

ጫፎቹን በነጭ ኮምጣጤ ዘፍዝፌ አሳደርኳቸው፤ አሲዱ ኖራውን ስለሚያሟሟው በማግሥቱ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ብቻ በቃ። በመርፌ መጎርጎር ቀዳዳውን ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አልመክረውም። ከዚያ ወዲህ በማጠራቀሚያው የምሞላው የቧንቧ ውኃ ሳይሆን ማዕድን የሌለበትን ዲስቲልድ ውኃ ነው።

ሞተሩ ከቆመ በኋላ ይቀጥል የነበረው መንጠባጠብ ግን ከኖራው ጋር አይገናኝም፦ ቱቦው ውስጥ የታመቀ አየር ግፊቱ ሲላላ እየሰፋ ውኃውን ይገፋው ነበርና፣ አየሩ ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩን ሳላቋርጥ በማሠራት ተወገደ። ሰዓት ቆጣሪውንም የእስስቱ ቤት አምፖል ከመብራቱ በፊት ማለዳና ከጠፋ በኋላ ማታ እንዲረጭ አስተካከልኩት፤ ቀኑን ሙሉ የማይደርቅ ቤት እስስትን ለመተንፈሻ አካል ሕመም ያጋልጣል።