መድኃኒት ያደረቀውን የመንጋጋ አጥንት መቁረጥ

ጥርስ ከተነቀለ 8 ሳምንት አልፎ ድዱ አልገጥም፣ አጥንቱም አልሸፈን ካለ መጀመሪያ የመድኃኒት ካርዱን ጠይቁ። ታማሚው «የአጥንት መርፌ» ወይም «የአጥንት ኪኒን» ብቻ ሊላችሁ ይችላል። ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ አሌንድሮኔት ወይም ዴኖሱማብ ከሆነ፣ መንጋጋውም ጨረር ካልተሰጠው፣ ምክንያቱ ይኸው መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። ለካንሰር በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ 4 ሚሊግራም ዞሌድሮኒክ የሚወስድ፣ ለአጥንት መሳሳት በዓመት አንዴ 5 ሚሊግራም ከሚወስደው ይልቅ ያሰጋል። መርፌውን ግን በራሳችሁ አታስቁሙ፤ ዴኖሱማብ ሲዘገይ የጀርባ አጥንት ሊሰበር ይችላል።

ሕመምና መግል ከሌለ በ0.12% ክሎረክሲዲን እያስጉመጠመጡ መከታተልም ያዋጣል። ወደ ቀዶ ሕክምና ከተኬደ ሲቲ ስካን ይነሳ፤ ተራ ራጅ ጉዳቱን አሳንሶ ያሳያል። ጉዳቱ እስከ መንጋጋው ታችኛው ጠርዝ ከዘለቀ ወይም አጥንቱ ከተሰበረ ሥራው የመንጋጋና ፊት ቀዶ ሐኪም ነው። የኮምቦልቻ ታማሚ ሀረጎን ከመውጣቱ በፊት ደሴ ላይ ሐኪሙ መኖሩን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ድዱን ከነአጥንት ሽፋኑ አንሱ፤ ጤነኛው አጥንት እስኪታይ ሰፋ አድርጉት። የሞተው ቢጫ ያዘለ ነጭ ነው፣ ደም አያወጣም። በክብ በር (አጥንት በሚፍቀው ተሽከርካሪ መሣሪያ ጫፍ)፣ ሳላይን (የጨው ውኃ) እያፈሰሳችሁ ፍቁ፤ ነጠብጣብ ደም ከየቦታው ብቅ ሲል ቁሙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ማደንዘዣው አድሬናሊን ካለበት ሕያው አጥንትም ደም ይነፍጋል፣ ስለዚህ ቀለሙንና ጥንካሬውንም እዩ። ሹል ጠርዝ ከቀረ ድዱን ከሥር ይበሳዋል፤ በጣት ዳብሳችሁ አለስልሱ። የወጣውን አጥንት ለፓቶሎጂ ላኩ፣ በተለይ የካንሰር ታማሚ ከሆነ፤ የተዛመተ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ድዱ ሳይወጠር መግጠም አለበት። ከንፈርና ጉንጭ ሲሳብ ጠርዙ ከነጣ ተወጥሯል ማለት ነው፤ የአጥንት ሽፋኑን ከውስጥ በኩል ሰንጥቃችሁ አላሉት፣ ከዚያ ስፉ። ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል።

እስከዚያው አጥሚት፣ ለብ ያለ ሾርባ፣ በወጥ የራሰ እንጀራ። ቆሎና ሰው ሠራሽ ጥርስ ይቅር። ለውዱእ የሚጉመጠመጥም ውኃውን ቀስ አድርጎ ያዙረው። ጫት ቃሚ ከሆነ ጫትን በስሙ ጠርታችሁ ከልክሉ፤ «ጠንካራ ምግብ አይብሉ» ሲባል ጫትን ከምግብ የሚቆጥር የለም፣ ጉንጭ ውስጥ የተወዘፈ ቅጠል ደግሞ ስፌቱን ይገፋዋል።