የምደባ ፈተናውን አትናቁት

በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ አሜሪካ ኮሌጅ ልትገቡ ያሰባችሁ ልጆች፣ ኮሌጁ የእንግሊዝኛ ደረጃችሁን ለመለየት የሚሰጠውን የምደባ ፈተና ከአውሮፕላን በወረዳችሁ ማግስት እያንጎላጃችሁ አትፈተኑ። ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ ከጣላችሁ የአንድ ሴሚስተር ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ኮርስ ክፍያ ነው፤ ያውም ብዙ ቦታ ክሬዲቱ ለዲግሪ አይቆጠርም። «ይቆጠራል ወይ? ደግሜ መፈተን እችላለሁ?» ብላችሁ ሳትመዘገቡ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱ በጽሑፍ ይኑራችሁ።

ቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የተፈተናችሁም ቀኑን እዩ፣ ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ነው።

የምትማሩት ቋንቋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቪዛው በሳምንት ቢያንስ 18 ሰዓት ክፍል መግባትን ይጠይቃል፤ የኦንላይን ትምህርት አይታሰብም። ክፍል ስትገቡ ታዲያ ከአበሻ ጓደኛ አጠገብ አትቀመጡ። እኔ ተቀምጬ ያሻሻልኩት አማርኛዬን ነው።