ለአዲስ መጪ እህቶች፦ አሜሪካ ውስጥ የሲስት ሕክምና ቢል (የክፍያ መጠየቂያ) እንዴት ይነበባል?

አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ከእምብርቴ በታች በቀኝ በኩል ይወጋኝ ጀመር። ቀጠሮ ልይዝ ስደውል ሴትየዋ «ለምን ጉዳይ ነው?» አለችኝ። አፈርኩና «ለቼክአፕ» አልኳት። ሐኪሟ ዘንድ ስገባ ግን ሕመሙን ነገርኳት፤ አልትራሳውንድ አዘዘች፤ ቀኝ ኦቫሪዬ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) ላይ ሲስት፣ ማለትም ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ ተገኘ። ቆይቶ ኢንሹራንሱ የአልትራሳውንዱን አልከፍልም ብሎ ጻፈልኝ። ጣጣው ሁሉ ቢሉ ላይ ከሰፈረ አንድ ኮድ ነው የመጣው፦ ዜድ 01.419። «ችግር ያልተገኘበት መደበኛ የማህፀን ምርመራ» ማለት ነው። ችግር ከሌለባት አልትራሳውንድ ምን ያደርግላታል? ከነሱ አንጻር ልክ ናቸው።

ኢንሹራንሱ አንቺን አያይሽም፤ የሚያየው ኮድ ነው። ኮዱ የሚወጣው ሐኪሙ ከጻፈው ማስታወሻ ነው፤ ማስታወሻው ደግሞ አንቺ ከተናገርሽው ይጀምራል። ስለዚህ የቱ ጎን እንደሚያምሽ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የወር አበባሽ መዛባቱን ሳታፍሪ ተናገሪ። ቋንቋው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በነጻ ማቅረብ አለባቸው። በተለይ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ልጅሽን ወይም የባልሽን ወንድም አስተርጓሚ አታድርጊ፤ ግማሹን ትውጪዋለሽ።

ቢሉ ላይ ሁለት ዓይነት ኮድ አለ። «ምን አመማት?» ለሚለው የሚመልሰው አይሲዲ-10 ይባላል፤ እዚህ አገር ከጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል፤ በፊደል ይጀምራል። «ምን ተደረገላት?» ለሚለው ደግሞ ባለ አምስት አኃዙ ሲፒቲ አለ። ሁለቱ ካልተስማሙ ክፍያው ይቆማል።

የኦቫሪ ሲስት ብዙውን ጊዜ ኤን 83 ውስጥ ነው። ኤን 83.0 እንቁላሉ የሚያድግበት ከረጢት ሳይፈነዳ ቀርቶ ውሃ ሲቋጥር ነው፤ ኤን 83.1 እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የሚፈጠረው። ዓይነቱ ካልተለየ ኤን 83.20 ይሆንና መጨረሻው ላይ ጎኑን የሚነግር አኃዝ ይጨመራል፦ 201 ቀኝ፣ 202 ግራ፣ 209 ጎኑ ያልተጠቀሰ። የአልትራሳውንድ ሪፖርትሽ «ቀኝ» እያለ ቢሉ 209 ወይም 202 ካለ ደውለሽ አሳርሚ። ዲ 27 ብታዪ አትደንግጪ፤ ካንሰር ያልሆነ የኦቫሪ ዕጢ ነው። ኢ 28.2 ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚሉት የሆርሞን ችግር። አንድ ሲስት የተገኘባት ሴት ሁሉ ይህ አለባት ማለት አይደለም፤ ሐኪምሽ ሳይነግርሽ ፋይልሽ ላይ ካገኘሽው ጠይቂ። በብልት አፍ አካባቢ የሚያብጠው የባርቶሊን ሲስት ኤን 75.0 ነው፤ መግል ከያዘ 75.1።

በጣም የሚያደናግረው አልትራሳውንዱ ነው። በሆድ ላይ የሚደረገው 76856፣ በብልት በኩል የሚገባው 76830 ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ሊደረጉ ስለሚችሉ ሁለት መስመር ማየት ብቻውን ስህተት አይደለም። ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ምስሉን ያነበበው ራዲዮሎጂስት የራሱን ቢል ይልካል፤ ከኮዱ ጎን 26 የሚል ቁጥር ታያለሽ። ያው ኮድ፣ በዚያው ቀን፣ ከዚያው ድርጅት ሁለቴ ከመጣ ግን ምን እንደሆነ ጠይቂ። ለክትትል ሄደሽ የታወቀውን ሲስት ብቻ በሆድ ላይ ለክተው ከላኩሽም የሚጠበቀው 76857 ነው፤ ውስን ምርመራ ማለት ነው። (በብልት በኩል የሚደረገውን እምቢ ማለት ወይም ሴት ባለሙያ መጠየቅ ትችያለሽ። ይህን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።)

ብዙ ሲስት በጥቂት የወር አበባ ዑደት ውስጥ ራሱ ስለሚጠፋ ኦፕራሲዮን ላይ ላትደርሺ ትችያለሽ። ከደረስሽ ሁለት ኮድ ለይተሽ እወቂ፦ 58662 በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ገብቶ ሲስቱን ማውጣት፣ 58661 ኦቫሪውን ወይም ቱቦውን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ማውጣት። ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከፈረምሽው ስምምነት ጋር አስተያዪው። ሆድ ተከፍቶ ሲስቱ ከወጣ 58925 ነው። የማደንዘዣው ሐኪምና ናሙናውን የሚመረምረው ላቦራቶሪ ለየብቻ ያስከፍላሉ። ከትልቅ ኦፕራሲዮን በኋላ ግን እስከ 90 ቀን የሚደረግ የተለመደ ክትትል ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሐኪሙ ክፍያ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ከኢንሹራንሱ የሚመጣው ወረቀት ላይ «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። አስቀምጪው፣ አትክፈዪ። እውነተኛው ቢል ሲመጣ ደውለሽ «አይተማይዝድ ቢል ዊዝ ኮድስ» በዪ፤ ዝርዝሩን ከነኮዱ ይልኩልሻል። አልከፍልም የሚል ደብዳቤ ከደረሰሽ አብዛኛው የግል ኢንሹራንስ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን ይሰጣል። ኢንሹራንስ ከሌለሽ ከቀጠሮው በፊት የግምት ዋጋ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ትችያለሽ። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ደግሞ አቅም ለሌለው ሰው የክፍያ እርዳታ ፕሮግራም እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ማመልከቻው ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን ክፍት ነው። የሚነግርሽ አትጠብቂ።

ድንገት ከባድ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣ ግን ኮዱንም ቢሉንም ተዪው፤ ኦቫሪው ተጠማዞ ሊሆን ስለሚችል ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ከ2022 ጀምሮ ድንገተኛ ክፍሉ ከኢንሹራንስሽ ጋር ውል ባይኖረውም በእነሱ ዋጋና ኢንሹራንሱ በሚቀበለው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ከአንቺ እንዳይጠይቅ ሕጉ ይከለክላል፤ በመንገድ የሚሄደውን አምቡላንስ ግን አይጨምርም።

የእኔው ጉዳይ በሁለት ስልክ አለቀ። በመጀመሪያው የሐኪሟ ቢል ክፍል «ኮድ ዝም ብሎ አይቀየርም» አለኝ። በሁለተኛው «ማስታወሻዋን እዩልኝ» አልኩ። አዩት፤ ቀኝ ጎኗን ያማታል የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ኤን 83.201 ብለው አርመው ዳግመኛ ላኩት፤ ኢንሹራንሱም ከፈለ።