ለታካያሱ በሽተኛ የመድኃኒት ሙከራ እንዴት ይፈለጋል?

ታናሽ እህቴ ታካያሱ አርተራይቲስ የሚባል በሽታ አለባት። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ወሳጅ ቧንቧና ቅርንጫፎቹ ይቆጣሉ፤ ግድግዳቸው እየወፈረ ውስጣቸው ይጠብባል። በአብዛኛው የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችን ነው። እሷ የምትለው ልብስ ስታጥብ ግራ ክንዷ ቶሎ እንደሚዝል ብቻ ነበር፤ ነርሷ ግን በዚያ እጅ ግፊት ለክታ ማግኘት አቃታት። እኔ ደብረ ሲና አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይህን የምጽፈው የበሽታቸውን ስም አውቀው «አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ቦታ የለም ወይ?» ለሚሉ የመንዝ፣ የሸዋ ሮቢትና የአካባቢው ቤተሰቦች ነው።

መጀመሪያ ፋይሉ ይስተካከል። ሙከራ የሚያካሂዱ ሰዎች «የደም ሥር ችግር» የሚል ወረቀት አይበቃቸውም። የበሽታው ሙሉ ስም በሐኪም የተጻፈበት ማስረጃ፣ የሲቲ አንጂዮግራፊው (የደም ቧንቧዎቹን የሚያሳየው ምርመራ) ሪፖርት ከነምስሉ፣ የኢኤስአርና የሲአርፒ (በሰውነት ውስጥ ቁጣ መኖሩን የሚያሳዩ የደም ምርመራዎች) ውጤቶች፣ የሁለቱም እጆች ግፊት፣ የምትወስደው ፕሬድኒሶሎንና ሜቶትሬክሴት (ቁጣውን የሚያበርዱት መድኃኒቶች) ከነመጠኑ ይያዝ። ቲቢ ታክማ ከሆነ መቼ ጀምራ መቼ እንደጨረሰችም ይጻፍ። ለዚህ በሽታ ከሚሞከሩት መድኃኒቶች ብዙዎቹ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ አይቀርም።

ቀኖቹን ሁሉ በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ጻፉ። ካርዳችን ላይ 2014 የተባለው የእኛ ነው። የውጭ ሐኪም ሲያነበው በሽታው ከእውነተኛው ሰባት ስምንት ዓመት የቀደመ ይመስለዋል። አንዳንድ ሙከራ ደግሞ በሽታው የታወቀበትን ወይም ያገረሸበትን ጊዜ ቆጥሮ ነው ሰው የሚቀበለው።

ፍለጋው በስልክም ይሆናል። ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ነፃ የሕክምና ጥናቶች የኢንተርኔት መዝገብ ነው። የበሽታውን ስም ከፋይሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ገልብጡና ተሳታፊ በመቀበል ላይ ያሉትን ብቻ እንዲያሳያችሁ ምረጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የፍለጋ ገጽ የጃፓንን፣ የህንድንና የቻይናን መዝገቦች ጭምር ባንድ ላይ ያመጣል። የአፍሪካው መዝገብ፣ ፓን አፍሪካን ክሊኒካል ትራያልስ ሬጂስትሪ፣ ለብቻው ይታይ። እያንዳንዱ ጥናት የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ በአሜሪካው መዝገብ ኤንሲቲ ብሎ 8 አሃዝ ያስከትላል። ለሐኪማችሁ ያንን ቁጥር አሳዩት። መዝገብ ላይ መውጣት ብቻውን ግን ጥናቱ ተመርምሮ ጸድቋል ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ማን ይገባል፣ ማን አይገባም የሚለውን ክፍል ከሐኪም ጋር ሆናችሁ አንብቡ። ዕድሜ፣ በሽታው አሁን ንቁ መሆኑ፣ የፕሬድኒሶሎኑ መጠን፣ እርግዝና፣ የጉበት ቫይረስ ይጠየቃሉ። አንዱ ካልገጠመ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሌላው ጥናት ሌላ መስፈርት አለው። ፍለጋውንም በየጥቂት ወሩ ድገሙት።

ስለ ርቀቱ በግልጽ ልናገር። የታካያሱ መድኃኒት ሙከራዎች በብዛት የሚካሄዱት ከእኛ ሩቅ ነው። ጃፓን ውስጥ ቶሲሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት የተሞከረበት ትልቅ የሚባለው ጥናት ያሳተፈው 36 ሰው ብቻ ነበር፤ በሽታው ብርቅ ስለሆነ እያንዳንዱ ታማሚ ይፈለጋል። ቢሆንም ጥናቱ ተቀብሏችሁ፣ ጉዞና ማረፊያ ማን እንደሚችል በጽሑፍ ሳይነገራችሁ በሬ ወይም መሬት እንዳትሸጡ እለምናችኋለሁ። ገብታችሁ እንድትሞከሩ ክፈሉ የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ከእሱ ራቁ።

መድኃኒት የማይሰጥበት፣ በሽታው እንዴት እንደሚሄድ ብቻ የሚመዘገብበት የክትትል ጥናትም ጥናት ነው። እህቴ የገባችው እንዲህ ያለው ውስጥ ነው፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ አገር በሽታው ካልተመዘገበ ነገ ሙከራ የሚያመጣ ሰው እኛን ከየት ያገኘናል? ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ወይም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ስትሄዱ «በዚህ በሽታ ላይ ጥናት የሚሠራ ሐኪም አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም።

አገር ውስጥ የሚካሄድ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ይህንንም ጠይቁ። የስምምነት ቅጹ በሚገባችሁ ቋንቋ ይሰጣችሁ። ቤት ወስዳችሁ ከታላላቆቻችሁ ጋር ተመካከሩበት እንጂ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ አትፈርሙ። እኔ የማልተዋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ በዕጣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሊደርሳት ይችላል ወይ? ቢደርሳትና በሽታው ቢነሳ ምን ይደረግላታል? ብትጎዳ ማን ያሳክማታል? ሙከራው ሲያልቅ፣ መድኃኒቱ ከተስማማት ማግኘቷን ትቀጥላለች ወይ? ፈርማ ከገባችም በኋላ በፈለገችበት ጊዜ መውጣት ትችላለች፤ በዚህ ምክንያት መደበኛ ሕክምናዋ አይቋረጥም።

እናታችን ለፃድቃኔ ማርያም ፀበል ስትወስዳት ፕሬድኒሶሎኑ አብሯት ይሄዳል። ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቆም ግፊት ሊጥል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል፤ ሙከራ ውስጥ ያለ ሰውማ ጥናቱንም ያበላሽበታል። ጾሙንና የክኒኑን ሰዓት አስቀድማችሁ ከሐኪሙም ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩበት።

ሙከራ ከገባችሁ የጥናቱን መለያ ቁጥርና የተመራማሪውን ስልክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ። ድንገት ጤና ጣቢያ ከገባችሁ ነርሷ ሌላ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት እዚያ ትደውል።