የጌም ክብደት ስንመርጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አዲስ ጌም ሲከፈት፣ ገና አንድ ኳስ ሳትነኩ፣ አንድ ጠላት እንኳ ሳታዩ፣ “ኢዚ፣ ኖርማል ወይስ ሃርድ?” ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚቀርበው ስለ ጌሙ ምንም ለማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች በግምት ነክቶ ያልፋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ወይ “ሰለቸኝ” ወይ “አይቻልም” ብሎ ይተወዋል። የደረጃ ስም የሚሸፍናቸው ቁጥሮች አሉት። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ቁጥሮቹን ሳያዩ በስሙ ከመሄድ ነው።

ስሙን ብቻ አይቶ መምረጥ

“ሃርድ” በየጌሙ የሚለውጠው ነገር ለየቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ስካይሪምን እንይ። 6 ደረጃዎች አሉት፤ በዋናነት የሚለውጡትም የምት ጉዳትን ብቻ ነው። መሐል ላይ ያለው አዴፕት ምንም አይጨምርም፣ አይቀንስም። የመጨረሻው ሊጀንደሪ ግን የእናንተን ምት ወደ ሩብ ያወርድና የጠላትን 3 እጥፍ ያደርጋል።

በቁጥር እናስላው። 100 ላይፍ ያለው ሽፍታ ገጠማችሁ፤ ሰይፋችሁ በአንድ ምት 20 ይቀንሳል፤ የእሱም እንዲሁ 20፤ የእናንተም ላይፍ 100 ነው። ጥሩሩን ለጊዜው እንተወው። አዴፕት ላይ በ5 ምት ትጥሉታላችሁ፣ እሱም እናንተን ለመጣል 5 ምት ያስፈልገዋል። ሊጀንደሪ ላይ የእናንተ 20 ወደ 5 ይወርዳል፤ ስለዚህ 20 ጊዜ መምታት አለባችሁ። የእሱ 20 ደግሞ 60 ይሆንና በሁለተኛው ምት ትሞታላችሁ። ሽፍታው ግን ያው ሽፍታ ነው። አልፈጠነም፣ አልነቃም፣ አዲስ ብልሃት አልተማረም። “ጠላት ብልጥ እንዲሆንብኝ” ብሎ ሊጀንደሪ የመረጠ ሰው ያገኘው ረጅም ድብደባ ብቻ ነው።

ከተማ እየመሠረቱ በዙር በሚጫወቱት ሲቪላይዜሽን 6 ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከ8ቱ ደረጃዎች ፕሪንስ የሚባለው ላይ እናንተና ኮምፒውተሩ እኩል ናችሁ። ከዚያ በላይ ስትወጡ ኮምፒውተሩ የሚያገኘው ስጦታ ነው፤ ጭንቅላቱ ያው ነው። የመጨረሻው ዴይቲ ላይ እናንተ ከተማ በሚመሠርት 1 ሰፋሪ ስትጀምሩ እሱ በ3 ይጀምራል። ስለዚህ እዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ተከላካይ ወታደር ሳያዘጋጅ ሐውልት የሚገነባ ሰው ከተማው ይወሰድበታል። በ1993ቱ የተኩስ ጌም ዱም ደግሞ ናይትሜር የሚባለው ከባዱ ደረጃ ላይ የገደላችኋቸው ጭራቆች ተመልሰው ይነሳሉ፤ ክፍሉን አጽድቶ መሄድ የሚባለው ልማድ ዋጋ የለውም፣ መሮጥ ነው።

ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት የጌሙን ስም ጽፋችሁ ደረጃው የሚቀይረው ምን እንደሆነ ፈልጉ። የምት ጉዳቱን ነው? የጠላቱን ብዛትና ጠባይ? የጥይትና የመድኃኒቱን መጠን? ወይስ ሴቭ ማድረግን? ጥይት መቆጠብ የሚወድ ሰው ሦስተኛውን ሊወደው ይችላል፤ የመጀመሪያውን ግን አሰልቺ ሊያገኘው ይችላል።

ፊፋ ላይ በአንድ ድል ሁለት ደረጃ መዝለል

የእግር ኳስ ጌሙ ስም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል፤ ሰዉ ግን እስካሁን ፊፋ ነው የሚለው። ደረጃዎቹ 7 ናቸው፦ ቢጊነር፣ አማተር፣ ሰሚ ፕሮ፣ ፕሮፌሽናል፣ ወርልድ ክላስ፣ ሊጀንደሪና አልቲሜት። ፕሌይስቴሽን ቤት ከጓደኛ ጋር እየተጋጠመ ያደገ ልጅ ቤቱ ብቻውን ሲቀመጥ በቀጥታ ሊጀንደሪ ይከፍታል። ጓደኛ ግን ይደናገጣል፣ ይናደዳል፣ በማይሆን ቦታ ታክል ይገባል። ኮምፒውተሩ ይህ ሁሉ የለበትም። ኳሱን ይዞ እያንሸራሸረ የተከላካያችሁን ስህተት ይጠብቃል። ሰው ላይ የሚሠራ ማታለያ እዚህ አይሠራም።

ሁለተኛው ጥፋት አለካኩ ላይ ነው። 5 ኮከብ ቡድን ይዞ 3 ኮከብ ቡድንን 6 ለ 0 ያሸነፈ ሰው የለካው የቡድኖቹን ልዩነት እንጂ ችሎታውን አይደለም። ለመለካት እኩል ኮከብ ያላቸውን 2 ቡድኖች ያዙ፣ የእያንዳንዱን አጋማሽ ርዝመት አትቀያይሩ፣ 5 ጨዋታ ተጫወቱ። 4ቱን በ3 ጎልና ከዚያ በላይ ልዩነት ካሸነፋችሁ አንድ ደረጃ ውጡ፤ ሁለት አይደለም። 4ቱን ከተሸነፋችሁ ቶሎ ከመውረድ በፊት የገቡባችሁን ጎሎች ተመልከቱ። አብዛኞቹ የገቡት የመሐል ተከላካያችሁን ይዛችሁ የፍጥነት ቁልፉን ተጭናችሁ ወደ ኳሱ ስትሮጡ ከሆነ፣ ጥፋቱ የደረጃው አይደለም። ተከላካዩን ቦታው ላይ ተዉት፤ በአማካዩ ዝጉ።

ሌላው ችግር ፕሮፌሽናል የሚቀልላችሁ፣ ወርልድ ክላስ ደግሞ የሚከብዳችሁ ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ሴቲንግ ውስጥ ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚደረግባቸው ስላይደሮች ያሉት፤ ለተጫዋቹና ለኮምፒውተሩ ለየብቻ ተቀምጠዋል፣ መነሻቸውም 50 ነው። ከባዱን ደረጃ ያዙና የኮምፒውተሩን የፓስ ስህተት ከ50 ወደ 53 አድርጉ። 3 ጨዋታ ሞክሩ፤ ካልበቃ 56። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ፦ ቁጥሩ የሚለካው ስህተትን ስለሆነ ሲጨምር ኮምፒውተሩ ይደክማል እንጂ አይበረታም። “ላክብደው” ብሎ የኮምፒውተሩን የፓስ ስህተት 70 ያደረገ ሰው ጌሙን ቀልድ አድርጎታል። የሩጫ ፍጥነትንና አጀማመርን መጀመሪያ አትንኩ፤ በጥቂት ነጥብ ለውጥ እንኳ የጨዋታው መልክ ይበላሻል። በአንድ ጊዜም አንድ ስላይደር ብቻ። ሦስት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ሰው የቱ እንደሠራ ሳያውቅ ሁሉንም ወደ 50 ይመልሳል።

ፓስና ሹት በራሳቸው እንዲታገዙ ወይም በእጅ እንዲሆኑ የሚያደርገው ምርጫም ከደረጃው ፈጽሞ የተለየ ነው። ኳሱ ወዳላሰባችሁት ሰው እየሄደ ካበሳጫችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

መመለሻ የሌለውን በር ሳያዩ መግባት

አንዳንድ ምርጫ በመሐል አይቀየርም። በ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር የመጨረሻውን ደረጃ የመረጠ ሰው ማውረድ ቢፈልግ ጌሙን ከዜሮ ከመጀመር ሌላ አማራጭ የለውም። ማይንክራፍት ሃርድኮር ላይ ከሞታችሁ በሕይወት ተመልሳችሁ ያን ዓለም መጫወት አትችሉም። በተራው ማይንክራፍት እንኳ፣ ጃቫ በሚባለው እትም፣ ከደረጃው አጠገብ ትንሽ ቁልፍ ምስል አለች፤ አንዴ ከተጫነች የዚያ ዓለም ደረጃ ተቆልፎ ይቀራል። ትንንሽ ልጆች ይቺን ቁልፍ ምን እንደሆነች ለማየት ብለው ይጫኗታል።

ባልደርስ ጌት 3 ላይ ኦነር ሞድ የሚባለው ከባዱ ደረጃ አንድ ሴቭ ብቻ ነው ያለው፤ ከጠብ በፊት ሴቭ አድርጎ መሞከር የለመደ ሰው እዚያ ይቸገራል። ትሮፊ የሚባለውን የጌም ሽልማት ለምትሰበስቡም ሌላ ወጥመድ አለ፦ ዊቸር 3 ላይ በከባዱ ዴዝ ማርች ጨርሱ የሚለውን ለማግኘት ደረጃውን አንድ ጊዜ እንኳ ማውረድ የለባችሁም። ስለዚህ ብዙ ርቃችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጌሙን አቁማችሁ ሜኑው ውስጥ ደረጃ መቀየሪያ መኖሩን አረጋግጡ። በመሐል ለማውረድ ስታስቡ ደግሞ መጀመሪያ ለብቻው አዲስ ሴቭ አስቀምጡ።

በመጀመሪያው ሰዓት መፍረድ

ብዙ ሰው ጌሞች ሁሉ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ ይመስለዋል። ባሕርይን እያሳደጉ የሚኬድባቸው ጌሞች ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ናቸው። ዊቸር 3ን በዴዝ ማርች የጀመረ ሰው በጣም የሚከብደው የመጀመሪያው መንደር ነው፤ መሣሪያው ደካማ፣ የመድኃኒት ቀመሩ ጥቂት፣ ችሎታው ገና ባዶ ነው። በላይኞቹ 2 ደረጃዎች ቁጭ ብሎ ማሰላሰል ላይፍ አይሞላም፤ ስለዚህ ምግብ መልቀም ግዴታ ይሆናል። እዚያ ጥቂት ሰዓት የቆየና መድኃኒት መቀመም የለመደ ሰው ግን በኋላ ይቀልለዋል። በሌላ በኩል መለማመጃውን ክፍል ብቻ አይቶ “ቀላል ነው” ብሎ ወደ ላይ መውጣትም ያው ስህተት ነው፤ መለማመጃ ላይ ጌሙ እጃችሁን ይዞ እየመራችሁ ነው።

ሦስት ጊዜ ስትሞቱ የሞታችሁበትን ምክንያት በአንድ አንድ ቃል ያዙ። ምክንያቱ በየጊዜው የተለያየ ከሆነ እየተማራችሁ ነው፤ አትንኩት። አንድ ዓይነት ሆኖ ምን ማድረግ እንደነበረባችሁ ካወቃችሁ ልምምድ ነው የሚቀረው። ምን እንደገደላችሁ እንኳ ካላያችሁ ግን አንድ ደረጃ ውረዱ።

የቴሌቪዥኑን ጥፋት በራስ ላይ ማላከክ

ይህኛው በጣም የተለመደ ነው፣ ማንም ግን አያስበውም። በብዙ ቴሌቪዥኖች ምስልን የማሳመር ሥራ ምስሉን ያዘገየዋል፤ ቁልፉን ስትጫኑና ጀግናው ሲንቀሳቀስ መሐል ክፍተት ይፈጠራል። በሰከንድ በ60 ፍሬም (ምስል) የሚሄድ ጌም ላይ አንድ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ሴኪሮን በመሰለ፣ የጠላትን ሰይፍ በትክክለኛው ቅጽበት መመከት በሚጠይቅ ጌም፣ የ5 ወይም የ6 ምስል መዘግየት ሽንፈት ነው። በቴሌቪዥኑ የምስል ሴቲንግ ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን አብሩ። አቅሙ ደካማ በሆነ ኮምፒውተር የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ደረጃውን ከማውረዳችሁ በፊት ጥላና የምስል ጥራት አውርዱ። ከ60 ወደ 30 ፍሬም ስትወርዱ እያንዳንዱ ምስል 33 ሚሊሰከንድ ይቆያልና ምላሻችሁም ይዘገያል። የድሮ ጆይስቲክ ካላችሁ ጀግናው ሳይነካ ወደ ጎን የሚሄድ መሆኑን አስተውሉ።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛውን በጆሮ እየተከታተሉ መዋጋት ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ “ድልድዩን ሳትሻገር ማብሪያውን ዝጋ” የሚለው ትእዛዝ በተኩስ መሐል ያመልጣል። የጽሑፍ መግለጫውን አብሩ፣ መጠኑንም አሳድጉ።

ኢዚን እንደ ውርደት መቁጠር

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሰለስት እጅግ ከባድ የዝላይ ጌም ነው። አሲስት ሞድ የሚባለውን ስትከፍቱ ግን ፍጥነቱን በ10 በመቶ እየቀነሳችሁ እስከ 50 በመቶ ማውረድ ትችላላችሁ። በ90 በመቶ መጫወት ዝላዩን አይሰርዘውም፤ ጣታችሁ ዓይናችሁን እንዲከተል ፋታ ይሰጣል፤ ከተማራችሁ በኋላ ወደ 100 መልሱት። ሃዲስ ጎድ ሞድ አለው፦ በ20 በመቶ የጉዳት ቅነሳ ይጀምርና በሞታችሁ ቁጥር 2 በመቶ እየጨመረ እስከ 80 ይደርሳል። ዘ ላስት ኦፍ አስ 2 ደግሞ ደረጃውን በ5 ከፍሎታል፦ ራሳችሁ፣ ጠላት፣ አጋር፣ መደበቅና ቁሳቁስ። ውጊያው የሚመቻችሁ ነገር ግን ጥይት እያለቀ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ሁሉንም ከማውረድ ይልቅ የቁሳቁሱን ብቻ አቅልሉት።

ለልጅ ሁሉን ነገር ማጥፋት

ማይንክራፍትን ለ7 ዓመት ልጅ ፒስፉል ላይ ማድረግ ደግ ይመስላል፤ አስፈሪ ጭራቅ የለም፣ ረሃብ የለም። ግን ጭራቅ ከሌለ ከጭራቅ የሚወድቀው አጥንትና ባሩድም አይገኝም፤ ብሌዝ የሚባለው ጭራቅ ስለማይመጣ ዘንዶው ወዳለበት ወደ መጨረሻው ዓለም የሚወስደው መንገድ ይዘጋል። ልጁ “ዘንዶው የታለ?” ብሎ ሲጠይቅ መልስ የለም። ኢዚ ይሻላል፦ ረሃብ ላይፍን ከ5 ልብ በታች አያወርድም፣ ዞምቢም መንደርተኛውን ሲገድል ወደ ዞምቢ አይለውጠውም። ኖርማል ላይ የመለወጡ ዕድል 50 በመቶ፣ ሃርድ ላይ 100 በመቶ ነው፤ ሃርድ ላይ የእንጨት በርም ሊሰበር ይችላል፣ ረሃብም ይገድላል። የበሰሉ ተጫዋቾች ግን ይህንኑ 100 በመቶ ሆን ብለው ይፈልጉታል፤ የተለወጠውን መንደርተኛ መልሰው ሲያድኑት ዋጋ ይቀንስላቸዋል።

በሌለበት ሜኑ ውስጥ ደረጃ መፈለግ

ኤልደን ሪንግ ውስጥ ኢዚ የሚባል ነገር የለም። ደረጃው ያለው በምታደርጉት ነገር ውስጥ ነው። በሩ ላይ ያለው ቦስ (ዋና ጠላት) ካስቸገራችሁ ትታችሁት ሂዱ፤ ላይፍ የሚጨምረውን ቪጎርን ወደ 40 አድርሱ፣ መሣሪያችሁን አሳድጉ፣ የወርቅ ዘር እየለቀማችሁ የመድኃኒት ብልቃጣችሁን አብዙ። መንፈስ የሚጠራውን ደወልም ከኤሌህ ቤተ ክርስቲያን ውሰዱ። መንፈሱ ጠላቱን ሲይዝላችሁ እናንተ ከኋላ ትመታላችሁ።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ሳትጠይቁት ራሱ የሚያስተካክል ጌም። የ2005ቱ ሬዚደንት ኢቭል 4 በድብቅ ይመዝናችኋል። ደጋግማችሁ ከሞታችሁ ጠላቶቹ ይለዝባሉ፤ በደህና ከሄዳችሁ ይጠነክራሉ። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ስትጣበቁ እንደገና ከመጀመር በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር ይጠቅማል። ፕሮፌሽናል ላይ ግን ይህ አይጠበቅም፤ ማስተካከያው እዚያ ከላይኛው ጫፍ ላይ ተቆልፏል።