የመብት ተሟጋች ድርጅትን የገንዘብ ማሰባሰብ ሥራ እንዴት መምራት ይቻላል?

ክትባት የሚሰጥ ድርጅት ለለጋሹ የሚያሳየው ቁጥር አለው። ትምህርት ቤት የሚገነባውም ፎቶግራፍ ይልካል። ሕግ እንዲሻሻል የሚወተውት፣ በፍርድ ቤት የሚከራከር ወይም የባለሥልጣንና የኩባንያ ጥፋት መርምሮ ይፋ የሚያወጣ ድርጅት ግን አምስት ዓመት ደክሞ የሚያሳየው አንድ የተሰረዘ አንቀጽ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ትልቁ ድሉ ሳይጸድቅ የቀረ መጥፎ ሕግ ነው፤ ያልሆነን ነገር ደግሞ ፎቶግራፍ ማንሳት አይቻልም። በዚህ ላይ ድርጅቱ ሥራውን በትክክል ከሠራ የሚያስቀይማቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ያላቸው ናቸው።

ስለዚህ የገንዘብ ማሰባሰብ ክፍል ኃላፊ ገንዘብ ስላስገባ ብቻ ሥራውን ሠራ አይባልም። ገንዘቡ ገብቶ የድርጅቱ አንደበት ሳይታሰር መቅረት አለበት። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች የተደረደሩት ይህን በማሰብ ነው፤ የመጀመሪያው ገንዘብን ስለ መጠየቅ ሳይሆን ስለ መከልከል የሆነውም ለዚህ ነው።

1. የማይቀበሉትን ገንዘብ አስቀድመው ይወስኑ

ቼኩ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ መርህ መጻፍ አይቻልም። የደመወዝ ቀን በደረሰበት ወር ሁሉም ገንዘብ ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ ከማን እንደማትቀበሉ፣ ምን ዓይነት ቅድመ ሁኔታ እንደማትፈርሙ፣ አጠራጣሪ ስጦታ ሲመጣ ማን እንደሚወስን የሚገልጽ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ የስጦታ መቀበያ ፖሊሲ ያዘጋጁና ቦርዱ ያጽድቀው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ለምርመራና ለዘመቻ ሥራው ከመንግሥታት ገንዘብ አይቀበልም፤ ግሪንፒስ የመንግሥትንም የኩባንያንም አይወስድም። ሁሉም ድርጅት እንደነሱ መሆን አለበት ማለት አይደለም፤ ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ያለ ኤምባሲ ድጋፍ አንድ ዓመት አይቆዩም። ዋናው ነገር መስመሩ የት እንደሆነ አስቀድሞ መታወቁ ነው።

መስመሩ ሲደበዝዝ ምን እንደሚከተል ለማየት የሂውማን ራይትስ ዋች ታሪክ ይበቃል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአንድ የሳዑዲ ባለሀብት 470,000 ዶላር ተቀብሎ ነበር። ስጦታው በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ ለአንድ የመብት ዘርፍ እንዳይውል የሚል ገደብ ነበረበት፤ የባለሀብቱን ኩባንያ የሠራተኛ አያያዝ ደግሞ ራሱ ድርጅቱ መርምሮት ነበር። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሲሆን ድርጅቱ ገንዘቡን መመለሱንና ውሳኔው ስህተት እንደነበር አስታወቀ። እንዲህ ያለ ስም ያለው ተቋም ከዚህ ካላመለጠ፣ “እኛ አንሳሳትም” የሚል ቦርድ ፖሊሲውን እንደገና ቢያነብ ይሻለዋል።

2. ሕጉን ይወቁ

ይህን ክፍል የሕግ አማካሪ ይሥራው፤ ኃላፊው ግን ጥያቄዎቹን ማወቅ አለበት። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ገደብ አለበት ወይ? ሕግ አውጪዎችን ማግባባት እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል? የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ አለው ወይ? መልሱ ከአገር አገር እጅግ ይለያያል፤ በአንድ አገር ውስጥም ይለዋወጣል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አዋጅ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2019 ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ከውጭ ገንዘብ ለአስተዳደር የሚውለውን ድርሻ ከ50 በመቶ ወደ 20 በመቶ አወረደች። በአሜሪካ ደግሞ የግል ፋውንዴሽኖች (ለሌሎች ድርጅቶች ሥራ ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማት) ገንዘባቸውን ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት ብለው ለይተው መመደብ አይፈቀድላቸውም፤ ለድርጅቱ ጠቅላላ ሥራ ግን መስጠት ይችላሉ። ይህን የማያውቅ አመልካች ፋውንዴሽኖቹ ሊቀበሉት የሚችሉትን ጥያቄ ሊቀበሉት በማይችሉት ቃል ጽፎ ይልካል።

3. ያለዎትን ይቁጠሩ

አዲስ ለጋሽ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት ያለፉትን ሦስት ዓመታት የገቢ መዝገብ ያስመጡ። ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ ለምን ሰጠ? ማን መስጠት አቆመ? ማንስ ማቆሙን ሳናውቅ አቆመ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚያሳፍር መልስ አለው።

ቀጥሎ ገንዘቡን ለሁለት ይክፈሉት፦ ለተወሰነ ፕሮጀክት የታሰረና ድርጅቱ በፈለገው ሥራ ላይ ሊያውለው የሚችል ያልታሰረ። ለተሟጋች ድርጅት ያልታሰረ ገንዘብ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም መጥፎ ረቂቅ ሕግ የፕሮጀክት ማመልከቻ ጊዜን ጠብቆ አይወጣም። ሰኞ ረቂቁ ተሰምቶ ሐሙስ ውይይት ከተጠራ፣ ጠበቃውንና አጥኚውን በዚያው ቀን ማሠማራት የሚቻለው ማንንም ሳያስፈቅዱ በሚወጣ ገንዘብ ነው።

ከዚያ ይህን ስሌት ይሥሩ፦ ትልቁ ለጋሽ ነገ ቢያቆም ድርጅቱ ስንት ወር ደመወዝ ይከፍላል? ግማሽ ያህሉ ገቢ ከአንድ በር የሚመጣ ከሆነ የዓመቱ ተቀዳሚ ዒላማ የገንዘቡን መጠን ማሳደግ ሳይሆን በሮቹን ማብዛት ነው።

4. የማይታየውን ሥራ የሚታይ ያድርጉ

“ሕጉን እናስለውጣለን” ብሎ ቃል መግባት አደገኛ ነው። ሕግ የሚለውጠው ፓርላማ እንጂ ድርጅቱ አይደለም፤ ቃል የተገባው ካልሆነ ሪፖርቱ የሽንፈት ሰነድ ይሆናል። ይልቁንስ በመንገዱ ላይ ያሉትን ምልክቶች ይዘርዝሩ፦ ጥናቱ ወጣ፣ ቋሚ ኮሚቴው ድርጅቱን ጠርቶ አዳመጠ፣ ሚኒስቴሩ መረጃ ሰጠ፣ በረቂቁ ላይ የእናንተ አንቀጽ ገባ፣ ፍርድ ቤቱ ክሱን ለመስማት ተቀበለ። እያንዳንዱ ምልክት በማስረጃ የሚረጋገጥ ነው፤ የመጨረሻው ውጤት ቢዘገይም ሥራው መሠራቱን ያሳያል።

ድል ሲገኝም ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድን ሕግ ያስለወጡ አሥር ድርጅቶች ሁሉም “እኔ ነኝ” ብለው ለአንድ ለጋሽ ሲጽፉ ለጋሹ አሥሩንም ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነባል። “ከሌሎች ጋር ሆነን፣ የእኛ ድርሻ ይህ ነበር” የሚለው አጻጻፍ ትሕትና ይመስላል እንጂ በተግባር ተአማኒነት ነው።

በጀቱ ላይ ደግሞ አይፈሩ። የሒሳብ ሠራተኛው፣ የቢሮ ኪራዩ፣ የኦዲት ክፍያው፣ የኮምፒውተር ደኅንነቱ በፕሮጀክቱ ወጪ ውስጥ ተመጣጣኝ ድርሻቸውን መያዝ አለባቸው። እነሱን ደብቆ በርካሽ ያቀረበ አመልካች ገንዘቡን ባገኘ ቁጥር ይከስራል። የጸደቀ ገንዘብና ባንክ የገባ ገንዘብም አንድ አይደሉም፤ ብዙ ለጋሾች በየምዕራፉ፣ ያውም ሪፖርት ተቀብለው ስለሚከፍሉ የየወሩን የገንዘብ ፍሰት ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር አብረው ይመልከቱ።

5. የስጦታ ሠንጠረዥ ይሥሩ

የዓመቱ ግብ አንድ ሚሊዮን ነው እንበል። በጅምላ “አንድ ሚሊዮን እንፈልጋለን” ከማለት ወደ ስጦታዎች ይመንዝሩት፦ አንድ ባለ 200,000፣ ሁለት ባለ 100,000፣ አምስት ባለ 50,000፣ አሥር ባለ 20,000። ይህ 850,000 ነው፤ የቀረው 150,000 ከአባላትና ከትንንሽ ሰጪዎች ይመጣል። አሥራ ስምንቱን ትልልቅ ስጦታዎች ለማግኘት ለእያንዳንዱ ሦስት ወይም አራት ሊሰጡ የሚችሉ ስሞች ያስፈልጋሉ፤ ይህም ወደ ስድሳ የሚጠጋ ስም ማለት ነው። ስሞቹን ለመጻፍ ሲቀመጡ አሥራ ሁለት ላይ ከቆሙ፣ ግቡ ምኞት እንደሆነ በዓመቱ መጀመሪያ ያውቁታል እንጂ በዓመቱ መጨረሻ አይደነግጡም።

በመጠባበቅ ላይ ያለ ማመልከቻም በሙሉ ዋጋው አይቆጠርም። 400,000 ጠይቀው የማግኘት ዕድሉ ከአራት አንድ ከሆነ በትንበያው ላይ የሚሰፍረው 100,000 ነው። ዳይሬክተሩ ይህን አይወደውም፤ ቢሆንም ይጻፉት።

የትንንሽ ሰጪዎቹን 150,000 ደግሞ እንደ ፍርፋሪ አይዩት። በየወሩ ጥቂት የሚሰጡ አንድ ሺህ አባላት አንድ ላይ ተነጋግረው ሐሳባቸውን አይቀይሩም። ባለሥልጣን “እናንተ ማንን ትወክላላችሁ?” ብሎ ሲጠይቅም መልስ የሚሆኑት እነሱ ናቸው።

6. ሄደው ይጠይቁ

እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ ሥራውን የሚያበላሸው። ለአንድ ሰዓት ስለ ድርጅቱ ተወርቶ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ “እንግዲህ በሚቻልዎት ሁሉ…” ተብሎ ይወጣል። ለጋሹ ምን እንደተጠየቀ ሳያውቅ ይቀራል።

ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ አንዱ ጉዳዩን በጥልቀት የሚያውቅ፣ ሌላው የሚጠይቅ። ከቦርዱ ወይም ከነባር ለጋሾች የሚያስተዋውቅ ሰው ካለ ይዞት መሄድ እጅግ ይጠቅማል። ከግማሽ በላይ የሚያወራው ለጋሹ ይሁን፤ ለምን ይህ ጉዳይ እንደሚያሳስበው፣ ከዚህ በፊት ለማን ሰጥቶ ምን እንዳስደሰተው ወይም እንዳስከፋው ይጠይቁት። ከዚያ “ለሚቀጥለው ዓመት የፍርድ ቤት ክርክር የ50,000 ድጋፍ እንዲያደርጉልን ልንጠይቅዎት ነው የመጣነው” ይበሉና ዝም ይበሉ። ዝምታው ሲከብድ “ባይመችዎት ግን በግማሹም…” ብሎ መጣደፍ የራስን ጥያቄ በራስ መሻር ነው። እምቢ ከተባለ፣ እምቢ የተባለው መጠኑ፣ ጊዜው ወይስ ጉዳዩ እንደሆነ በትሕትና ይጠይቁ። መጠኑ ወይም ጊዜው ከሆነ ንግግሩ አላለቀም።

ፋውንዴሽን ሲሆን መንገዱ ትንሽ ይለያል። ከመጻፍዎ በፊት ከፕሮግራም ባለሙያዋ ጋር ይነጋገሩ። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዋ ወሳኝ እሷ አይደለችም፤ ማመልከቻዎን ይዛ አለቆቿ ፊት የምትከራከርልዎት ሰው ናት። ስለዚህ ውብ ቃላት ሳይሆን መከራከሪያ ይስጧት፦ ለምን አሁን፣ ለምን እናንተ፣ ካልተሳካ ምን ይቀራል።

7. የሰጡትን ይያዙ

በአሜሪካ በየዓመቱ የሚወጡ የሙያው መረጃዎች ደጋግመው የሚያሳዩት አንድ ነገር አለ፦ በአንድ ዓመት ከሰጡ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ድርጅት አይሰጡም። ከምክንያቶቹ አንዱ ገንዘቡ ምን እንደሠራ የነገራቸው አለመኖሩ ነው።

ምስጋናው በሁለት ቀን ውስጥ ይድረስ፤ በውስጡም ሌላ ጥያቄ አይኑር። ከጥያቄ ወደ ጥያቄ ባለው ጊዜ መካከል ቢያንስ አንድ ጊዜ ምንም ሳይጠይቁ ዜና ይላኩ። ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ ለጋሾች ስም ለማን ክፍት እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የሙያ ማኅበራት የወጣው የለጋሾች መብት መግለጫ የድርጅቱን ሒሳብ ማየትን፣ የቦርድ አባላቱን ማወቅን፣ ጥያቄ ጠይቆ ግልጽ መልስ ማግኘትን መብት ብሎ ይዘረዝራል፤ ለውስጥ መመሪያ ጥሩ መነሻ ነው።

መጥፎ ዜና ግን ከሁሉ ይፈጥናል። ክሱ ከተሸነፈ፣ ረቂቁ ከጸደቀ፣ ድርጅቱ ላይ የስም ማጥፋት ዘመቻ ከተከፈተ፣ ዋና ዋናዎቹ ለጋሾች ከጋዜጣ ሳይሆን ከእርስዎ ስልክ ይስሙት። የሆነውን፣ ያልታወቀውንና ቀጥሎ የሚደረገውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ይንገሯቸው። ለጋሽን የሚያስኮበልለው ብዙ ጊዜ ሽንፈቱ ሳይሆን ድንጋጤው ነው።

የተበዳዮችን ታሪክ ሲጠቀሙ ደግሞ ፈቃዱ በእውነት ተረድተው የሰጡት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሐሳባቸውን ከቀየሩም ጽሑፉ ይነሳ። ጎብኚ ለጋሽ ሲመጣ ተበዳዮችን አሰልፎ ማስለቀስ ገንዘብ ሊያስገኝ ይችላል፤ መብት አስከብራለሁ ለሚል ቤት ግን አይገባም።

8. ቤቱን ያስተካክሉ

በብዙ ተሟጋች ድርጅቶች ውስጥ ዘመቻውን የሚመሩት ሰዎች ገንዘብ አሰባሳቢውን እንደ ነጋዴ ያዩታል፤ እሱም እነሱን ሪፖርት እንደማይጽፉ ቅንጡዎች ያያቸዋል። መፍትሔው የጋራ ቀጠሮ ነው፦ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት፣ በዘመቻው ምን እንደተፈጠረና ማን ሊሰማው እንደሚገባ የሚነጋገሩበት። ከዳይሬክተሩ ጊዜም የተወሰነ ድርሻ በግልጽ ይያዝ፤ ትልልቅ ለጋሾች ከኃላፊው ይልቅ ዳይሬክተሩን ማየት ይፈልጋሉ።

ለሠራተኛ ካመጣው ገንዘብ ላይ በመቶኛ መክፈል ብልህ ሐሳብ ይመስላል። የሙያው የሥነ ምግባር ደንቦች የሚከለክሉት ግን በምክንያት ነው፤ ኮሚሽን የሚጠብቅ ሰው በመጀመሪያው እርምጃ የተጻፈውን ፖሊሲ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

9. ለጋሹ ድምፅ ዝቅ አድርጉ ሲል

ይህ ቀን ይመጣል። “መግለጫው ትንሽ ጠንከር አላለም?” የሚል ወዳጃዊ ስልክ ነው የሚሆነው። መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ይሁን፦ ጽሑፎቻችን ለለጋሾች ለማስፈቀድ አይላኩም፤ ሲወጡ ግን ቅጂው ወዲያው ይደርስዎታል። እርስዎ በስልክ ላይ አይደራደሩ፤ ያሉትን በጽሑፍ ይያዙና ለዳይሬክተሩና ለቦርዱ ያቅርቡ፤ ውሳኔው የእነሱ ነው።

በዚህ ምክንያትም ሆነ በሌላ ለጋሹ ከሄደ ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ እውነተኛውን ምክንያት፣ ሥራውን በሥርዓት ለመዝጋት የሚያስችል የአንድ ዓመት የመሸኛ ድጋፍ፣ እና ለሌላ ለጋሽ የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ። ብዙዎቹ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ለመስጠት ፈቃደኞች ናቸው። ዓመታዊ ሪፖርቱን መላክ አያቋርጡ። የፕሮግራም ባለሙያዎች መሥሪያ ቤት ይቀይራሉ፤ ዛሬ በሩን የዘጋችው ባለሙያ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ፋውንዴሽን ወንበር ላይ ልትገኝ ስለምትችል አድራሻዋን ከዝርዝሩ አይሰርዙ።