ፀሐይ የጠበሰው አትክልት አልሞተም፣ ቶሎ አትንቀሉት

ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ ፀሐይዋ አትክልቱን ስትጠብሰው ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው መቀስ ነው፣ ባካችሁ ተዉት። የደረቀው ቅጠል ቢያስጠላም ከስር ላለው ጥላ ነው፣ ሙቀቱ በረድ ብሎ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ያኔ ትቆርጡታላችሁ።

ሞቷል ወይስ አለ ለማለት ግንዱን በጥፍር ትንሽ ፋቅ አድርጉት፣ ከልጡ ስር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ አለ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ወረድ ብላችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።

ውሃ ጠዋት በጊዜ፣ ከስሩ፣ ቀስ እያለ እንዲሰርግ። ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ቀና የሚል ከሆነ ብዙም አትደንግጡ፣ ጣታችሁን አስገቡና 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ታች እርጥበት ካለ አትጨምሩበት ስሩ ይበሰብሳል። ማዳበሪያማ ጭራሽ! በተጎዳ ተክል ላይ ዩሪያ መበተን ጨርሶ መግደል ነው።

ከሰዓት ፀሐይ በሚመታው በኩል አሮጌ ነጠላ ወይ ጆንያ በእንጨት ወጥሩለት፣ ቅጠሉን ሳይነካ፣ አየር እንዲያልፍ። አፈሩን ጭድ አልብሱት፣ ግንዱን ግን አታስነኩት። በጥቁር ፕላስቲክ የተተከለ ካለ ከሲሚንቶው ላይ አንሱት፣ ስሩን የሚቀቅለው እሱ ነው።

ቲማቲሙ ላይ ነጣ ያለ እንደ ወረቀት የሳሳ ጠባሳ ካያችሁ የፀሐይ ቃጠሎ ነው፣ መድሃኒት አትርጩ፣ ሳይበሰብስ ቅጠፉና ጠባሳውን ቆርጣችሁ ለወጥ አድርጉት። አበባው ከረገፈም ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የሚመጣ ነገር ነው፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያብባል።